ንቧ ያለፈቻቸው ሁለት ሺህ አበቦች

ዛሬ አንዲት አበባ ያስከፈለችኝን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ።

አንድ የሠርግ አዳራሽ ትዕዛዝ። አንድ ጉልበት፣ የግራው። የአንድ ጫማ ሶል። አንድ መሐላ። እና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀበና ውስጥ ለብሼው የዞርኩት ስም።

አበባዋ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም።

"ሰውዬው ደግሞ ዛሬ ምን ሊሸጥልን ነው" የምትሉ አላችሁ። ምንም። ሱቁ ዝግ ነው። እኔም አልጋዬ ላይ ነኝ፣ እግሬ ትራስ ላይ ነው።

ለማታውቁኝ፣ አሰግድ እባላለሁ። ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው የሱቅ ረድፍ ውስጥ አርቴፊሻል አበባ እሸጣለሁ። የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የቢሮ፣ የመኪና ዳሽቦርድ። ሰፈሩ "አሰግድ ፕላስቲኩ" ይለኛል። ስድብ አይደለም፣ አድራሻ ነው።

ሱቄ ውስጥ ሁለት ሺህ አበባ አለ ብል ብዙ አልዋሸሁም። (ከዛሬ ጀምሮ "አልዋሸሁም" የምትለዋን ቃል በቁጠባ ልጠቀምባት አስቤያለሁ።)

ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብላ ዘነበች አለች። እኩያዬ ናት። እሷ የምትሸጠው እውነተኛውን ነው፦ ችግኝ፣ የቤት ውስጥ ተክል፣ አፈር በከረጢት። እኔ የማይሞት እሸጣለሁ፣ እሷ የሚሞት ትሸጣለች። ደንበኛ የሷን ገድሎ ሲጨርስ ወደ እኔ ይመጣል። እንዲህ እየተባባልን፣ እየተሳሳቅን፣ ለረጅም ጊዜ በሰላም ኖረናል።

እስከዚያች ፖት ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የቀበና ሰው የእንጦጦን ደመና ያውቃል፤ ጋራው ሲጠቁር ወሬ ማቆምና ዕቃ ማንሳት ነው። የዚያን ዕለት ከመርካቶ አንድ ካርቶን ትናንሽ ፖት አምጥቼ በሬ ላይ ደርድሬ ነበር። ቅጠላቸው ወፍራም፣ ከድንጋይ የተቀረጸ ጽጌረዳ የሚመስሉ፣ አረንጓዴያቸው አመድ የነካው። ፕላስቲክ። ዘነበችም የራሷን ደርድራለች።

ረድፋችን ላይ ደንብ አለ። በረዶ ሲመጣ "የማን ነው" አይባልም። ያገኘ ሰው ያገኘውን አንስቶ ትልቁ ሸራ ሥር ይከታል። መጀመሪያ ይነሳል፣ በኋላ ይለያል።

አነሳን። አባራ። ለየን።

በማግስቱ ዘነበች ሱቄ ገባችና ከመደርደሪያዬ ላይ አንዷን ጠቆመች።

"አሰግድ፣ ያቺ የኔ ናት።"

ፕላስቲክ መሆኗን ነገርኳት። ካርቶኑን አሳየኋት።

"በጥፍርህ ቧጥጣት" አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንድ ጥፍር። አንድ ጭረት። ነገሩ የሚያልቀው በሁለት ሴኮንድ ነበር፣ እኔም ዛሬ በሁለት እግሬ እቆም ነበር።

ግን ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኛ ነበረኝ። ደንበኛ ፊት "ዕቃህን ቧጥጥና አረጋግጥ" የተባለ ነጋዴ ምን ይሰማዋል? በቃ፣ ሌባ የተባልኩ መሰለኝ። የኔ ዕቃ አይቧጠጥም አልኩ። እሷም ድምፅዋ ከፍ አለ። እኔም ባሰብኝ። ረድፉ ሥራውን ትቶ መጣ።

ሽምግልና ተቀመጠ። ዳኛው ጋሽ በየነ ናቸው፤ የረድፋችን ልብስ ሰፊ፣ ያኔም ሽማግሌ የነበሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ፖቷን ከሩቅ አዩአት። እንደ እሳቸው ያለ ትልቅ ሰው ተክል ሲቧጥጥ አይገኝም።

"ትምላለህ?" አሉኝ።

ማልኩ። ያውም አሳምሬ!

"ይቺ ነገር ሕይወት ካላት፣ እሷኑ ተሸክሜ ከዚህ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግሬ እወጣለሁ። ደጇ ላይ ቆሜ ዘነበችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

እንጦጦ ውጣ ያለኝ ሰው አልነበረም። "ማርያምን" ብል ይበቃ ነበር። ግን ነጋዴ ነኝ፣ መሐላውም ላይ ምርቃት ጨመርኩበት።

ልንገራችሁና፣ ያን ቀን አልዋሸሁም። ፕላስቲክ መስላኝ ነው። ከልቤ።

በማርያም ከተማለ በኋላ የሚቀር ነገር የለም። ዘነበች ተፈረደባት። በረድፉ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም ትልቅ ሰው ነኝና እጇን ያዝኩ።

"ግድ የለም ዘነበች፣ ሰው ይሳሳታል" አልኳት።

ይቺን አነጋገር አስቀምጡልኝ። በኋላ እንፈልጋታለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነበች "አንተ" ብላኝ አታውቅም። ጠዋት "እንደምን አደሩ አቶ አሰግድ"፣ ማታ "ደህና ይደሩ አቶ አሰግድ"። ዘጠኝ ዓመት። ሰው በስድብ ሲርቃችሁ ታውቃላችሁ። በአክብሮት ሲርቃችሁ ግን የምትይዙት የለም።

ረድፉ ደግሞ ቀልድ አገኘ። ዕቃ የጠፋበት ሁሉ "ዘነበችን ጠይቋት፣ የሷ ይሆናል" ይላል። ጃንጥላ የጠፋበት፣ ቁልፍ የጠፋበት፣ አንድ ጊዜ በሬ የጠፋበት ሰውዬም ሳይቀር። እሷም አብራ ፈገግ ትላለች። ምን ታድርግ?

እኔ ፖቷን አልሸጥኳትም። እንዴት ትሸጣለች? የሐቀኝነት ሰርተፊኬቴ ናት። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ፣ የገባ ሁሉ የሚያያት ቦታ አስቀመጥኳት። "ስንት ናት?" ሲሉኝ "እሷ አትሸጥም፣ ታሪክ አላት" እላለሁ። ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። አምነውኝ ሌላ ነገር ይገዙኛል።

ጥሩ ይሠራ ነበር።

ፕላስቲክ የአቧራ ወዳጅ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ዕቃዬን በተራ በተራ ገንዳ ውስጥ እየነከርኩ አጥባለሁ። እሷንም ነከር፣ ረገፍ፣ ወደ መደርደሪያ። ዛሬ ከባለሙያ እንደሰማሁት ለዚህ ዓይነት ተክል ከዚህ የተሻለ ውሃ አጠጣጥ የለም። ብዙ ውሃ ይገድላታል፣ ፍቅር ይገድላታል፣ በየቀኑ መነካካት ይገድላታል። እኔ ደግሞ ምንም አላደረግኳትም።

የዘነበች ደንበኞች በመጽሐፍ እያነበቡ የሚገድሉትን እኔ በግዴለሽነት ዘጠኝ ዓመት አሳደግኩ። ሳላውቅ።

("ሳላውቅ" ያልኳትንም አስቀምጡልኝ።)

አንዳንዴ የገዘፈች ይመስለኝ ነበር። ሄጄ መነጽር አስለወጥኩ።

ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ሳጥባት አንድ ቅጠሏ ቀነጠስ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ጣቴ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ነካኝ። ሳሙና ነው አልኩ። ቅጠሏን በሱፐር ግሉ መልሼ ለጠፍኳት፣ ስለ ዘመኑ ዕቃ ጥራት መውረድም ለሁለት ደንበኛ አማረርኩ።

አዎ። ተክል በሱፐር ግሉ። ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

ዘንድሮ መንገዱ ሲሰፋ ከሱቄ ፊት ለፊት የነበረው ረጅም ግንብ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ እስከ መሳቢያዬ ድረስ ገባች። ቀይ ጽጌረዳዎቼ በሁለት ወር ነጡ። የሱፍ አበቦቼ የታመመ ሰው መሰሉ። ከሁሉም አንዷን ብቻ ተስማማቻት።

ባለፈው ሳምንት ከመሃሏ ሮዝ ቀለም የተቀባ ሽቦ የመሰለ ነገር ወጣ።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት።

በሦስተኛው ቀን ሽቦው ተጠማዞ ወደ ደንበኛ ተመለሰ።

እንደገና አዞርኳት። እንደገና ዞረች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንታገል ከረምን፤ ትላንት ማታ ሱቅ ስዘጋ አሸናፊው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይቭ እንደምገባ ታውቃላችሁ። ዛሬ ደግሞ ልዩ ቀን ነበር፤ አንዲት የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ሙሉ ዲኮር ልታዝዝ ላይቩ ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው። እውነተኛ አበባ እንዳይቀላቀል። ባለፈው ሠርግ ሙሽራዋን ንብ ነድፋት በሜካፕ የማይሸፈን ነገር ሆኗል።

"የኔ እመቤት፣ እዚህ ሱቅ ንብ ምን ልትሠራ ትመጣለች?" አልኳት።

ካሜራውን ዞር ዞር አድርጌ ሁለት ሺውንም አሳየሁ። ኩራት ነበረኝ። ለምን እዋሻለሁ።

ንቧ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው።

አንዲት ንብ። ከእንጦጦ ትውረድ ከሰው ጓሮ አላውቅም። በሩ ላይ አየር ላይ ቆም ብላ ሱቁን ቃኘች፣ ልክ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። የሙሽራ እቅፎቹን አለፈች። ሱፎቹን አለፈች። "ከእውነተኛ አይለይም" ብዬ የምምልባቸውን ኦርኪዶች አለፈች። አንዱንም ቀረብ ብላ አላየችም። ከግንባሬ በላይ አልፋ በቀጥታ ወደ መሳቢያው ወጣች።

ሽቦው ሌሊቱን ዞሮ አድሯል። ጫፉ ላይ አምስት ትናንሽ ደወል የመሰሉ አበቦች ተንጠልጥለዋል። ከውጭ ሮዝ፣ ከውስጥ ቢጫ።

ንቧ አንዱ ውስጥ ገባች። እግሯ ብቻ ውጭ ቀረ።

ኮሜንት ዘነበ። "ወንድም ከኋላህ"። "ንብ ናት እንዴ?"። "ፕላስቲኩ አበበ"። የአዳራሹ ባለቤት ከላይቩ ወጣች።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ያጠፋል።

እኔ ግን ወደ ካሜራው ዞሬ "ንቧ አዲስ ዕቃ ናት፣ በባትሪ ነው የምትሠራው፣ ከአበባው ጋር በነፃ ትሰጣለች" አልኩ።

ሪከርድ ያደረጋችሁ አላችሁ። ተልኮልኛል። ከሦስት ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "ቁልቋል" የሚባል ፎሎወር አለኝ። የፕሮፋይል ፎቶው ቁልቋል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ላይቭ አላመለጠውም፣ አንድ ቀን ኮሜንት አድርጎ አያውቅም። ሰላይ ይሆናል፣ መርካቶ ያለ ተፎካካሪ ይሆናል እል ነበር።

ቁልቋል በሩ ላይ ቆመ።

ዘነበች ናት። ስልኳ በአንድ እጇ፣ ላይቩ በቁልቋል ስም ተከፍቶበታል፤ ሌላው እጇ እስከ ክርኗ አፈር። ፖቷን አየች። ንቧን አየች። እኔን ያየችኝ መጨረሻ ላይ ነው።

"አቶ አሰግድ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ባትሪዋ ስንት ቀን ይቆያል?"

ላይቩ አልጠፋም ነበር።

ጋሽ በየነ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ። ምሳ የበሉትን የሚረሱ ሰውዬ ናቸው። የሰው ሱሪ ልክ ይረሳሉ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የማልኩትን ግን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ደገሙልኝ። ምርቃቱንም።

ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳቸው።

"ስትምል ጉልበትህን አማክረህ ነበር?" አሉ።

እስከ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ብይዝስ አልኩ። ሜትራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ለአንድ ነገር ብቻ ራሩልኝ፤ በራስ ነው በእጅ የምሸከማት የሚለውን ስላልተናገርኩ በእጅ እንዲሆን ፈቀዱ።

ዘነበች በታክሲ ወጣች። እሷ አልማለችም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄን ቆልፌ ፖቷን ታቅፌ ተነሳሁ። ስድስት ኪሎ እስክደርስ ሦስት ሰው አስቆመኝ። ሦስቱም "ስንት ናት?" አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት አትሸጥም ያልኳት ዕቃ ዛሬ ገበያዋ ደራ። አንዷ ሴትዮማ "ወንድሜ፣ እውነተኛ ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ንግድ ይህን ጥያቄ ሳላቅማማ "አዎ" ብዬ የመለስኩት ዛሬ ነው።

ሽሮ ሜዳን እንዳለፍኩ መንገዱ ቀና አለ። አቀበቱን በመኪና ብቻ ለምታውቁት፣ በእግር ሌላ መንገድ ነው። ግማሽ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ኪሴ ውስጥ ሱፐር ግሉ አለ፣ ሁልጊዜም አለ። ለጠፍኩት። ሁለት መታጠፊያ ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ ያጨበጭብልኝ ጀመር።

ልምምድ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሮጣ አለፈችኝ። ስትወርድ አገኘችኝ። እንደገና ስትወጣ አለፈችኝ። በሦስተኛው ቆም አለች።

"አባባ፣ ትንሽ ይቀመጡ። አበባዋ ደህና ናት፣ እርስዎ ግን ልክ አይደሉም።"

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። "አባባ" የምትለዋን ከላይ ወጪው ላይ መጨመር ረስቻለሁ። ጨምሩልኝ።

ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስገባ ነፋሱ በረታ። አምስቱ ደወሎች ተወዛወዙ፣ አንዱ ሊቀነጠስ ደረሰ። ጃኬቴን አውልቄ ሸፈንኳት። በብርዱ በሸሚዝ ቀረሁ። ሁለት ሺህ አበባ ያለኝ ሰው ነኝ፣ አንዱን ከነፋስ ከልዬ አላውቅም። መከለል አያስፈልጋቸውማ።

መንገዱ ረጅም ስለሆነ የማሰቢያ ጊዜ አልጠፋም። ንግግር አዘጋጀሁ። ቆንጆ ንግግር ነው፦ "ዘነበች፣ ተሳስቼ ነው። ከልቤ ፕላስቲክ መስላኝ ነው። ዛሬ ንቧ ናት ዓይኔን የገለጠችው።" ሁለት ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። አንድ ሰውዬ ከአህያው ጋር ሲያልፍ ፖት እያናገርኩ አግኝቶኝ መንገድ ለቀቀልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረስኩ።

ዘነበች ከእንጦጦ ማርያም ደጅ ወረድ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አጣፍታ ቆሎ ትቆረጥማለች። ጫማዬ እያጨበጨበ ቀረብኩ። ተሳለምኩ። ፖቷን ፊቷ አስቀመጥኩና ቆምኩ።

"ዘነበች፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያንቺ ነበረች።"

ጃኬቱን ገልጣ አበቦቹን ቆጠረች። አምስቱም አሉ።

"መቼ ነው ያወቁት?" አለችኝ።

ንግግሬ ዝግጁ ነው። ንቧ፣ ዓይኔ፣ ከልቤ። አፌን ከፈትኩ።

አሁን ያስቀመጣችኋትን "ሳላውቅ" አምጡልኝ።

ስለ ቅጠሏ የነገርኳችሁ ግማሹን ነው። እኔ አበባ በሳሙና አላጥብም። ሳሙና ቀለም ያወጣል፣ ይህን ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው እኔው ነኝ። ጣቴ ላይ የቀረው ምን እንደሆነ የዚያኑ ደቂቃ አውቄዋለሁ። በግሉ የለጠፍኳት ቅጠል ደግሞ በሁለት ሳምንቷ እንደ ዘቢብ ተጨማደደች። ፕላስቲክ አይጨማደድም። ይህንንም ለደንበኛ ሁሉ የምናገረው እኔው ነኝ።

የዚያን ዕለት ሁለት በር ተራምጄ "ዘነበች፣ ያንቺ ናት" ማለት እችል ነበር። በሩ ድረስም ሄጃለሁ። እሷ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር፤ ቀና ብላ "ምን ልታዘዝ አቶ አሰግድ?" አለችኝ። ዝርዝር ብር አለሽ ወይ ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ የተጨማደደችውን ነቅዬ ጣልኩ። ከእውነተኛው ፕላስቲክ፣ ከካርቶኑ ከተረፈው ፖት፣ አንድ ቅጠል ቆረጥኩና በቦታዋ ለጠፍኩ። ቀለሙ ተመሳሳይ ነው። በማግስቱ ለሁለት ሙሽሮች የሐቀኝነቴን ታሪክ ነገርኳቸው።

አራት ዓመት እንዲህ ነገርኩ።

የማርያም በር እዚያው ፊቴ ነው። የማልኩበት ደጅ። እዚያ ቆሜ ልዋሽ አልቻልኩም። ጀግንነት አይደለም፣ ደክሞኝም ይሆናል።

"ከአራት ዓመት በፊት" አልኳት።

ቆሎው አፏ ውስጥ ቆመ።

ከሥራችን ከተማው ሁሉ ተዘርግቷል፣ ቀበናም እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ፣ ሱቄም።

"እኔን ያቃጠለኝ ፖቷ አይደለችም" አለች በመጨረሻ። "ሥራ ስጀምር ከአንዲት ቅጠል ያበቀልኳት የመጀመሪያዬ ናት፣ እሱም ይሁን። ያን ቀን እጄን ይዘው 'ሰው ይሳሳታል' አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ እውነትም ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ከፕላስቲክ የማልለይ ሰው ነኝ ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ 'ይሄ ምን ዓይነት ተክል ነው?' ሲለኝ፣ እያወቅኩት፣ መጀመሪያ በጥፍሬ እነካዋለሁ።"

የራሴን ጥፍሮች አየሁ።

ፖቷን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እንደ ሐኪም ቅጠል በቅጠል አየቻት። ከሥር አየቻት። በመጨረሻ ጣቷ አንድ ቅጠል ላይ ቆመ። በጥፍሯ ነካ አደረገችው። እንደገና ነካችው። ወደ እኔ ቀና አለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መለዋወጫ ነው" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።

"አንተ፣" አለች፣ "ለተክል መለዋወጫ?"

ከዚያ ሳቀች። የማርያም ደጅ መሆኑን አስታውሳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ግን ትከሻዋ አልቆም አለ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺን "አንተ" ነበር የምሰማው። ዘጠኝ ዓመት ከሁለት በር ማዶ ያልመጣች ቃል እንጦጦ ላይ መጣች።

"ታረቅን እንዳይመስልህ" አለች ዓይኗን እየጠረገች።

አልመሰለኝም አልኩ።

ቅጣቱን እሷው ቆረጠች። ጋሽ በየነን አልጠበቀችም። የዋሸሁት ሰው ሁሉ እያየ ስለሆነ የምናገረውም ሰው ሁሉ እያየ ይሁን አለች። የራሴን ሥራ ራሴ ልጽፈው። አራቱንም ዓመት ሳላስቀር። "ባትሪውንም" አለች። ይኸው እያነበባችሁት ነው።

ከዚያ ፖቷን ታቅፋ ታክሲው ድረስ ሄደች። እኔስ ብዬ ጠየቅኳት። መሐላዬ ስለ መውጣት እንጂ ስለ መውረድ ያለው ነገር ስለሌለ በፈለግኩት እንድወርድ ነገረችኝ። ታክሲው ሞልቶ ነበር። አንድ ቦታ የያዘችው ፖቷ ናት።

ስለዚህ በትክክሉ ይጻፍ።

ለቀበና ረድፍ ሰው በሙሉ፦ ዘነበች ትክክል ነበረች። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ቃል ትክክል ነበረች። ከነገ ጀምሮ ዕቃ ሲጠፋባችሁ "አሰግድን ጠይቁት" በሉ። በሬም ቢሆን።

የኔን የሐቀኝነት ታሪክ ሰምታችሁ ለገዛችሁ ሙሽሮች ደግሞ፦ አበባው እንኳ እንደተባለው ነው፣ አይሞትም። ታሪኩ ነው የሞተው።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ንቧ በሩ ላይ ቆማ በአንድ አፍታ የለየችውን፣ እኛ ያን ሁሉ ሰው ሽምግልና ተቀምጠን እንዴት አቃተን? ጥፍር አልነበረንም?

ቀሪ ሒሳብ። መሐላዋ ተከፍላለች። ትዕዛዙ የለም። ጉልበቱ በቅባት ታሽቶ ተጠቅልሏል። ጫማው ተጥሏል። "አንተ" ለዛሬ፣ ለነገ ዋስትና የለውም። ከመሳቢያው በላይ አቧራ ያልነካው አንድ ክብ አለ።

እና ዘነበች ታክሲው ውስጥ ከመግባቷ በፊት መዳፌ ላይ ያስቀመጠችልኝ አንድ ቅጠል፣ "ይቺ ያንተ ናት" ብላ።

አሁን በጥፍሬ ቧጠጥኳት።

ፕላስቲክ ናት።